ኒውክሌር ለእኛ ይበጃል? ከአዳማ ሆነን ስንመዝነው

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት እንዳሰበች ከመድረኩ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ፣ መስከረም ላይ፣ ከሩሲያው የአቶም ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ሞስኮ ውስጥ የድርጊት መርሃ ግብር ተፈረመ። ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። ሁለቱ አገሮች አቶምን ለሰላማዊ ጥቅም ለማዋል በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሶቺ ላይ ተስማምተው ነበር።

አዳማ ላይ ይህ ወሬ ሲነሳ ሰው ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በ1986 እ.ኤ.አ. ዩክሬን ውስጥ የፈነዳውን ማመንጫ እያስታወሰ «ቼርኖቤልን ልታመጡብን ነው?» ይላል። ሌላው «መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ከምንፈታ ምንም ይምጣ» ይላል። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ግን የሁለቱም ዓይን ማሽኑ ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማሽኑን ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ዕዳውንም ማን እንደሚከፍለው ነው። እዚያ ለመድረስ ከመሠረቱ እንጀምር።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ውሃ ይፈላል። እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ መብራት ይመጣል። በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማመንጫም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። እዚህ የሚነድ ነገር የለም። የዩራኒየም አቶም ኒውትሮን በምትባል ቅንጣት ሲመታ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ሙቀት ይለቃል፣ ሌሎች ኒውትሮኖችንም ይበትናል። እነሱም በተራቸው ሌሎች አቶሞችን ይሰነጥቃሉ። ይህ ሰንሰለት ከልክ እንዳያልፍ ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች አሉ። ዘንጎቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ሲገቡ ሰንሰለቱ ይቆማል።

ጥቂት ግራም የምትመዝን፣ የጣት ጫፍ የምታክል አንዲት የዩራኒየም ፍሬ አንድ ቶን ገደማ የድንጋይ ከሰል ትተካለች። አንዴ የገባ ነዳጅም ማመንጫው ሳይቆም ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ያሠራል።

መጠኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ 136 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ይህ ግን ንፋሱ በደንብ ሲነፍስ ነው። የዓመቱ አማካይ ከዚህ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሮሳቶም በግብፅና በባንግላዴሽ የሚገነባው ዓይነት አንድ ሪአክተር (አቶሙ የሚሰነጠቅበት የማመንጫው ክፍል) ደግሞ 1,200 ሜጋ ዋት ነው። እንዲህ ያለ ማመንጫ በደንብ ከተያዘ ከዓመቱ 90 በመቶ ያህሉን ይሠራል። ሒሳቡን ሥሩት፤ አንዱ ሪአክተር ሁለቱን የንፋስ ማመንጫዎቻችንን ከ15 ጊዜ በላይ ያጥፋል።

ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው። ቀንም ሌትም፣ በጋም ክረምትም ያመነጫል። ከመብራታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚመጣ ስለሆነ ዝናብ ሲቀር ጭንቅ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ውስጥ እንደገባ አልረሳነውም። ሁሉን ተስፋ ደመና ላይ መጣል አደገኛ ነው። ጭሱን በተመለከተም ኒውክሌር ንጹሕ ከሚባሉት ጋር ይመደባል። ከማዕድን ማውጣቱ ጀምሮ ሁሉም ተደምሮ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 12 ግራም ገደማ ካርቦን ይለቃል። ከንፋስ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። የድንጋይ ከሰል 820 ግራም ገደማ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ሰፈር ውስጥ መብራት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ አገሩ ውስጥ ኃይል ስላነሰ አይደለም። ትራንስፎርመር ስለሚቃጠል፣ መስመር ስለሚጫን፣ ምሰሶ ስለሚወድቅ ነው። ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ሸጣለች፤ ከሕዝቧ ግማሽ ገደማው ደግሞ ገና መብራት አላገኘም። ሪአክተር ቢገነባም በዚያው አርጅቶ በተጨናነቀ መስመር ነው ቤታችን የሚደርሰው። «ኒውክሌር ከመጣ መብራት አይሄድም» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት።

ይፈነዳል?

እንደ አቶም ቦምብ አይፈነዳም። ለቦምብ 90 በመቶ ገደማ የተጣራ ዩራኒየም ያስፈልጋል። የተለመደው የማመንጫ ነዳጅ ግን ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚጣራው። ቼርኖቤል ላይ ጣሪያውን የገነጠለው የእንፋሎት ግፊት ነበር። የሚያስፈራው ነገር ጨረር አመንጪ የሆነው ውስጡ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው።

ስለ ጨረር ለማሰብ የኛ አካባቢ ሰው የራሱ ምሳሌ አለው። የወንጂንና የስምጥ ሸለቆን ጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ፍሎራይድ ጥርስን እንደሚያበላሽ ያውቃል። አይታይም፣ አይሸትም። ጉዳቱን የሚወስነው መጠኑና የሚጠጣበት ዘመን ነው። ጨረርም በመጠን ነው የሚመዘነው። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ያገኛል። የደረት ራጅ ከ0.1 አይበልጥም፣ ሲቲ ስካን ግን እስከ 10 ሊደርስ ይችላል። በትክክል የሚሠራ ማመንጫ አጠገብ የሚኖር ሰው የሚደርሰው ጨረር ከተፈጥሮው እጅግ ያንሳል። አደጋው ልኩ ሲሰበር ነው።

በሞት ብዛት ሲለካ ኒውክሌር ከምንፈራው በታች ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከሰል በጭሱና በአደጋው ከኒውክሌር በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ሰው ይገድላል። ይህ የቼርኖቤልና የጃፓኑ የፉኩሺማ ማመንጫ አደጋዎች ተደምረውም ነው። ግድብም ቢሆን ነጻ አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ባንቺያዎ የተባለ ግድብ ሲናድ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል።

ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? ምክንያቱ የተረፈ ሙቀት ነው። የኒውክሌር ማመንጫ ቢጠፋም አይበርድም። ሰንሰለቱ በቆመ ቅጽበት እንኳን ነዳጁ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ገደማ ሙቀት ማውጣቱን ይቀጥላል። ለቀናት፣ ለወራት ውሃ እየተነዳ ማቀዝቀዝ አለበት። ውሃውን የሚነዳው ፓምፕ ደግሞ ራሱ መብራት ይፈልጋል። ከውጭ የሚመጣው መስመር ከተበጠሰ ጄኔሬተር መነሳት አለበት። ጄኔሬተሩም እንቢ ካለ ነዳጁ ይቀልጣል። ከተማችን ውስጥ ጄኔሬተር በሚፈለግበት ሰዓት እንቢ ሲል ስንቴ አይተናል? ስለዚህ መብራት ለማምረት የተሠራ ማመንጫ ራሱ አስተማማኝ መብራት የሚያስፈልገው መሆኑን ልብ በሉ።

ፉኩሺማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። መጋቢት 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ጃፓንን 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ሪአክተሮቹ በትክክል ቆሙ። የውጭው መስመር ተበጠሰ፣ ጄኔሬተሮቹም ተነሱ። ከሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን 14 ሜትር ገደማ የሆነ ማዕበል መጣና ጄኔሬተሮቹን ዋጣቸው። ሦስት ሪአክተሮች ቀለጡ። ከ150,000 በላይ ሰው ቤቱን ለቀቀ። ጨረሩ በቀጥታ ገደለው ተብሎ በመንግሥት የታመነው አንድ ሰው ነው። በሽሽቱና በስደቱ ግን ከ2,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው።

እዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ፣ እንዲያውም ለመንቀጥቀጡ ማዕከል ይበልጥ ቀርቦ፣ ኦናጋዋ የሚባል ሌላ ማመንጫ አለ። ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ማዕበል መታው። እሱ ግን በሰላም ቆመ። ቤታቸው በማዕበሉ የተወሰደ ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች የተጠለሉት እዚያው ማመንጫ ግቢ ውስጥ ነው! ልዩነቱ ምን ነበር? ማመንጫው በ14 ሜትር ከፍታ ላይ ተሠርቷል። ያኖሱኬ ሂራይ የሚባል መሐንዲስ ጥንት በ869 እ.ኤ.አ. የመጣውን ማዕበል እያስታወሰ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይበቃል የሚሉትን አልሰማም ብሎ ስለተከራከረ ነው። የፉኩሺማው ባለቤት ኩባንያ ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የራሱ ባለሙያዎች ከ15 ሜትር በላይ የሚሆን ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል አስልተው ሲያሳዩት ጉዳዩን አሳደረው። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ2012 እ.ኤ.አ. አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ሲል ደመደመ። ተቆጣጣሪውና ኩባንያው እጅና ጓንት ሆነው ነበርና።

ቼርኖቤልም ከዚህ አይርቅም። ሪአክተሩ የዲዛይን ጉድለት ነበረበት፣ በጠንካራ ኮንክሪት መሸፈኛም አልታጠረም። ጉድለቱን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ ግን ለኦፕሬተሮቹ በግልጽ አልተነገራቸውም። ሚያዝያ 26 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ሌሊት ከፈነዳ በኋላ አጠገቡ ያለችው የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪ እስኪወጣ 36 ሰዓት ገደማ አለፈ። በዙሪያው ያሉ ሕፃናት በአዮዲን 131 የተበከለ ወተት መጠጣታቸውን ቀጠሉ። በሺዎች የሚቆጠሩት በኋላ የታይሮይድ ካንሰር ያዛቸው። ይህ ጨረር አመንጪ አዮዲን በ8 ቀን በግማሽ የሚቀንስ ነገር ነው። ወዲያው «ወተት አታጠጡ» ቢባል ኖሮ ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የዛሬዎቹ ሪአክተሮች በዲዛይን ከዚያ በጣም የተሻሉ ናቸው። ወፍራም መሸፈኛ አላቸው። አዲሶቹ የሩሲያ ሪአክተሮች የቀለጠ ነዳጅ የሚቀበል ቋትና መብራት ሳይኖር የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ተጨምሮላቸዋል። ነገር ግን «ይህ ቦታ አይሆንም» ብሎ የሚከራከር መሐንዲስና የሚሰማው አለቃ በማሽን ዋጋ ውስጥ ተካቶ አይመጣም።

የኛው መሬት

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ለወራት ምድር ሲንቀጠቀጥ እኛም ሲወዛወዝብን ከርመናል። በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። ጃፓን በመንቀጥቀጥ ላይ ትገነባለች፣ እውነት ነው። ለዚያ የሚከፈለው ዋጋና የሚጠይቀው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ የካሺዋዛኪ ካሪዋ ማመንጫ አጠገብ 6.6 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲመታ ከባድ ጉዳት ባይደርስም ሰባቱም ሪአክተሮች ለረጅም ጊዜ ቆመዋል። ከስምጥ ሸለቆ ራቅ ያለ የተረጋጋ መሬት እያለን እዚህ መገንባት ለእኔ ስሜት አይሰጥም።

ውሃውም አለ። አንድ ትልቅ ሪአክተር በማቀዝቀዣ ማማ ሲሠራ በቀን 50,000 ሜትር ኪዩብ ገደማ ውሃ ያተናል። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። የአዳማ ሰው ይጠጣዋል፣ የወንጂ ሸንኮራ ይጠጣዋል፣ ከታች ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር ይጠብቀዋል። ውሃ በሌለበት መሥራት አይቻልም ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፓሎ ቬርዴ የሚባል ማመንጫ በረሃ ላይ ሆኖ በከተማ ፍሳሽ ተጣርቶ በሚገኝ ውሃ ይቀዘቅዛል። ግን ያ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ይፈልጋል። ፈረንሳይ እንኳ ወንዞቿ በበጋ ሲሞቁ ሪአክተሮቿን ቀንሳ ታሠራለች።

ስለ ጸጥታም ዝም ማለት አይቻልም። የዩክሬኑ ዛፖሪዥያ ስድስት ሪአክተሮች አሉት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦርነት መሃል ወድቆ የውጭ መስመሩ ደጋግሞ ተቋርጦበታል። እኛም በሰሜኑ ጦርነት ትግራይ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ስትቀር አይተናል። ከላይ ያልኩትን የተረፈ ሙቀት ከዚህ ጋር አገናኙት። ሰላም የዚህ ማመንጫ አንዱ የደኅንነት ዕቃ ነው።

ስለ ቆሻሻው በአጭሩ ልበል። ሰው የሚፈራውን ያህል ብዛት የለውም። አንድ ትልቅ ሪአክተር በዓመት ከ20 እስከ 30 ቶን ያገለገለ ነዳጅ ያወጣል። መጀመሪያ ለዓመታት ገንዳ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በወፍራም ብረትና ኮንክሪት ይታሸጋል። ፊንላንድ ኦንካሎ በሚባል ስፍራ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ዓለት ውስጥ መቅበሪያ ሠርታለች። ባንግላዴሽ ደግሞ ያገለገለውን ነዳጅ ሩሲያ እንድትወስድላት ተስማምታለች። ችግሩ ዕድሜው ነው። ውስጡ ያለው ፕሉቶኒየም በግማሽ ለመቀነስ 24,000 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ «ማን ይወስደዋል?» የሚለው ከመጀመሪያው ቀን በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ዋጋውና ዕዳው

ለእኔ ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። የኒውክሌር ነዳጅ ርካሽ ነው፣ ግንባታው ግን ውድ ነው። የባንግላዴሽ ሩፑር 2,400 ሜጋ ዋት ሲሆን ውሉ 12.65 ቢሊዮን ዶላር ነው። ዘጠና በመቶ ገደማው የሩሲያ ብድር ነው። የግብፁ ኤል ዳባ 4,800 ሜጋ ዋት ነው፣ ለዚያም 25 ቢሊዮን ዶላር ከሩሲያ ተበድራለች። የእኛ ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ሆኖ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው የወጣበት፣ ያውም ከራሳችን ኪስ። ግድብ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ እንደማይሠራ ባስብም ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በዚያ ላይ ይዘገያል። የፊንላንዱ ኦልኪሉኦቶ ሦስት በ2009 እ.ኤ.አ. ይጀምራል ተብሎ በመደበኛነት ማመንጨት የጀመረው በ2023 ነው። የአሜሪካው ቮግትል 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ተጀምሮ ከ30 ቢሊዮን አልፏል። በአንጻሩ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባራካህ የተባለውን ማመንጫ በ2012 እ.ኤ.አ. መገንባት ጀምራ አራቱንም ሪአክተሮች እስከ 2024 አስገብታለች። ስለዚህ ይቻላል። ግን እሷ ገንዘብ ነበራት፣ ከዓለም ዙሪያ ባለሙያ ቀጥራለች፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቷንም ቀድማ አቋቁማለች።

ማመንጫ በዘገየ ቁጥር ወለድ ይቆጥራል። ብድሩ ደግሞ በዶላር ነው፣ የመብራት ሒሳብ የምንከፍለው በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ57 ብር ወደ 80ዎቹ ዘለለ፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 አለፈ። እንዲህ ያለ ዕዳ ያኔ በእጃችን ቢኖር ኖሮ በብር ሲሰላ በሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ አገሪቱ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ በቀነ ገደቡ ሳትከፍል ቀርታለች። በቢሊዮን የሚቆጠር ውል ፊት ስንቆም ይህን እያሰብን መሆን አለበት።

የመስመሩም ሒሳብ አለ። መሐንዲሶች የሚከተሉት ልምድ አንድ ማመንጫ ከጠቅላላው አቅም ከ10 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ ነው። አንዱ ድንገት ሲጠፋ አገሩ እንዳይጨልም ነው። የሕዳሴ አንዱ ተርባይን 400 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። አንድ 1,200 ሜጋ ዋት ሪአክተር በድንገት ቢጠፋ ሦስት የሕዳሴ ተርባይኖች በአንድ ቅጽበት እንደጠፉ ይቆጠራል። ለዚህ ነው አነስተኛ ሪአክተሮች የሚወሩት። ሩሲያ እያንዳንዳቸው 35 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት ሪአክተሮች የተጫኑበት መርከብ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፔቬክ በሚባል ወደቧ ላይ ታሠራለች። ለመስመራችን መጠናቸው ይስማማል። የአንዱ ኪሎ ዋት ዋጋ ግን ገና ውድ ነው።

እግራችን ሥር ያለውንም አንርሳ። ምድር የሚንቀጠቀጥብን ያው ሙቀት ኤሌክትሪክ ይሆናል። ኬንያ በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ከሚወጣ እንፋሎት ከኤሌክትሪኳ ግማሽ ገደማውን ታገኛለች። የኛ አሉቶ ላንጋኖ ከ7 ሜጋ ዋት ብዙም ሳያልፍ ነው የቆየው። ከአዳማ ብዙ በማይርቀው የአርሲ ቱሉ ሞዬም ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። እንፋሎትም እንደ ኒውክሌር ሌት ተቀን ይሠራል። ለእኔ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ መስመሩና ትራንስፎርመሩ፣ ቀጥሎ እንፋሎቱና ንፋሱ፣ ኒውክሌሩ ደግሞ ከነሱ ኋላ ሳይቸኩል።

ሳይቸኩል ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አዲስ አገር ከሐሳብ እስከ መብራት ከ10 እስከ 15 ዓመት እንደሚፈጅባት ይናገራል፤ ሊሟሉ የሚገባቸው 19 ጉዳዮችንም ዘርዝሯል። ብዙዎቹ ገንዘብ ሳይበደሩ ዛሬ መጀመር የሚችሉ ናቸው። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ማመንጫውን የሚያንቀሳቅሱ ብቻ ሳይሆኑ የሚመረምሩ ወጣቶች መሠልጠን አለባቸው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማመንጫ ገንቢው ለሆነው አካል የማይታዘዝ፣ «አቁሙ» ሲል የሚቆምለት ሥልጣን በሕግ ይሰጠው። ቦታ የሚመረጥበት ጥናት ይታተም፣ አካባቢው ሰው በራሱ ቋንቋ ያንብበው፣ ይጠይቅበት። ውሉ ከመፈረሙ በፊትም ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ ቢዘገይ ማን እንደሚከፍል፣ ያገለገለውን ነዳጅ ማን እንደሚወስድ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ሲፈርስ ወጪው ከየት እንደሚመጣ በሕዝብ ፊት ይቀመጥ።